ያልነበረው ዓምድ

ባለቤቴ ሠንጠረዡን ያገኘችው ስትሰልለኝ አልነበረም። ጊዜው ባለፈው መጋቢት፣ የደብረ ዘይት ሰሞን ነው። የዓመቱን የግብር ወረቀት ለማዘጋጀት ሰነዶቻችንን እየሰበሰብን ሳለ፣ ኮምፒውተሩ ላይ የጤና መድን ደብዳቤ ስትፈልግ፣ እኔ በኢንተርኔት የምጫወተውን ፖከር የሚባለውን የካርታ ቁማር የመዘገብኩበትን፣ «ፖ» ብዬ በአንድ ፊደል የሰየምኩትን የኤክሴል ፋይል ከፈተችው። በአሜሪካ ከቁማር የሚገኝ ገቢ ግብር ስለሚከፈልበት ፋይሉን ልደብቀው አስቤ አላውቅም፤ እንዲያውም ንጽሕናው ያኮራኝ ነበር። ቀን፣ የጠረጴዛ ዓይነት፣ የመደብ መጠን፣ የተጫወትኳቸው ዙሮች ብዛት፣ ትርፍና ኪሳራ፤ ከ2024 ጥር እስከ 2025 የካቲት ድረስ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አሥራ አራት ወር ሙሉ አንድም ቀን ሳይዘለል ተመዝግቧል። በመጨረሻው መስመር ላይ በአረንጓዴ ቀለም የተጻፈው ድምር 1,500 ዶላር ገደማ ትርፍ ያሳያል። እስከ ታች ድረስ ዝም ብላ አነበበችውና «ሰዓቱስ የት ነው ያለው?» አለችኝ።

አዲስ አበባ ሳለሁ ዘጠኝ ዓመት የሠራሁት በሒሳብ ሠራተኝነት ነው። ላስ ቬጋስ ከገባሁበት ከ2012 ወዲህ ታክሲ ብነዳም፣ አንድ ዓምድ የጎደለው መዝገብ ምን ማለት እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው አያስፈልገኝም። ደግሞም ሰዓቱ ባይጻፍም ዙሮቹ ተጽፈዋል። ሁለት ጠረጴዛ ጎን ለጎን ከፍቼ በሰዓት 140 ዙር ያህል እጫወት ስለነበር፣ 100,000 የሚጠጋው ዙር ከ700 ሰዓት በላይ ወስዷል። 1,500ን ለ700 ስናካፍል ሁለት ዶላር ከጥቂት ሳንቲም ይወጣል፤ የኔቫዳ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ ደግሞ 12 ዶላር ነው። ስሌቱን እሷ ፊት ጮክ ብዬ ሠራሁትና ትስቃለች ብዬ ጠበቅሁ። አልሳቀችም፤ ፋይሉን ዘግታ የመድኑን ደብዳቤ መፈለግ ቀጠለች።

ከዚያ ቀን ወዲህ በአእምሮዬ የሚመላለሰው ጥያቄ ቁማር ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ የሚለው አይደለም፤ እሱን የሚመልሱ ሰዎች ሞልተዋል። እኔን ያስጨነቀኝ፣ ለቁጥር እንዲህ የሚጠነቀቅ ሰው 700 ሰዓት ሙሉ ምን ሲገዛ እንደነበረ ነው። ገንዘብ እንዳልነበረ ሠንጠረዡ ራሱ መስክሯል።

ፖከርን ያወቅሁት በታክሲ ነው። በየዓመቱ በጋ ሲገባ የዓለም ፖከር ተጫዋቾች ወርልድ ሲሪስ ኦፍ ፖከር ለሚባለው ውድድር ወደ ከተማችን ይጎርፋሉ። እስከ 2021 ድረስ ውድድሩ የሚካሄደው በሪዮ ሆቴል ስለነበር፣ ሌሊት ከሪዮ በር ላይ የሚጫኑትን ሰዎች ፊት አይቶ ማን እንደወጣና ማን እንደቀረ መገመት ለእኛ ለሹፌሮች ጨዋታ ሆኖ ነበር። በ2019 አንድ ጎልማሳ ተሳፋሪ መጫወቻው ከእጁ እንደተነጠቀ ሕፃን አፉን አኩርፎ ገባ። 10,000 ዶላር የሚከፈልበት ዋናው ውድድር ላይ ገና በመጀመሪያው ቀን ወድቆ ነበር። ላጽናናው ብሞክር የሚቆጣ መስሎኝ ዝም አልኩ። እሱ ግን ሆቴሉ እስኪደርስ ድረስ ስለመጨረሻዋ ዙር ብቻ አወራልኝ፤ ምን እንደያዘ፣ ሌላው ምን ሊይዝ እንደሚችል፣ ምን ቢያደርግ ይሻል እንደነበር። ስለ ጠፋው ገንዘብ አንዲት ቃል አልተናገረም። ከወረደ በኋላ ለብዙ ደቂቃ ቆሜ ቀረሁ። አንድ ሰው በወሰነው ውሳኔ ላይ እንዲህ አጥብቆ ሲከራከር ካየሁ፣ ከቢሮ ሕይወቴ ወዲህ ዓመታት አልፈው ነበር።

ወደ ቤት ገብቼ ሳነብ የቆየሁበት የመጀመሪያው ታሪክ በ2003 ያንኑ ውድድር ያሸነፈው የክሪስ መኒሜከር ነበር። የቤተሰቡ ስም «ገንዘብ ሠሪ» እንደማለት መሆኑ ቀልድ ይመስላል፤ እውነተኛ ስሙ ነው። የቴነሲ ሰው ነበር፤ ሥራው ደግሞ ሒሳብ። በኢንተርኔት ባደረገው አነስተኛ የማጣሪያ ጨዋታ ቦታ አግኝቶ 839 ሰዎችን ባሳተፈው ውድድር 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። ከሦስት ዓመት በኋላ የተወዳዳሪዎቹ ቁጥር 8,773 ደርሶ ነበር። የዚያ ሁሉ ሰው ልብ ውስጥ «እሱ ከቻለ እኔስ?» የሚል ድምፅ እንደነበረ አልጠራጠርም፤ በእኔም ውስጥ ነበር። ሒሳብ ሠራተኛ መሆኑ ለእኔ በግል የተላከ ደብዳቤ መሰለኝ። ዛሬ ሳስበው፣ የዚያን ዓመት ሌሎቹን 838 ሰዎች ለማሰብ አለመሞከሬ ለሒሳብ ሰው ነውር ነው።

ሚያዝያ 2011 ላይ የአሜሪካ መንግሥት ትልልቆቹን የኢንተርኔት ፖከር ድረ ገጾች ሲዘጋ የብዙ ተጫዋቾች ገንዘብ ውስጥ ቀርቶ ነበር። ኔቫዳ ግን በ2013 በራሷ ሕግና ቁጥጥር ጨዋታውን ፈቀደች፤ በኋላም ከደላዌርና ከኒው ጀርሲ ተጫዋቾች ጋር ጠረጴዛ መጋራት ተቻለ። እኔ ስጀምር ነገሩ ሁሉ ሕጋዊ ነበር። ሕጋዊነቱ ለራሴ ለምሰጠው ምክንያት የመጀመሪያው ምሰሶ ሆነ።

ለባለቤቴ የነገርኳት ምክንያት ገንዘብ ነው፤ «ትንሽ መደጎሚያ» ነበር ያልኳት። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት በምነዳበት ሥራ ላይ የት እንደምሄድ ተሳፋሪው ይወስናል፤ ስንት እንደማስከፍል ቆጣሪው ይወስናል፤ የት ቆሜ ወረፋ እንደምጠብቅ የኤርፖርቱ አስተናጋጅ ይወስናል። አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ አእምሮዬን የሚጠይቀኝ ሰው የለም። ጠረጴዛው ላይ ስቀመጥ ግን በየአሥራ አምስት ሴኮንዱ አንድ ጥያቄ ይቀርብልኛል፤ መልሱም የእኔ ብቻ ነው።

ምሳሌ ልስጥ፤ ፖከር የማያውቅ አንባቢ ትንሽ ይታገሠኝ። መሐል ላይ 20 ዶላር አለ እንበል። ባላጋራዬ 10 ያስይዛል። እኔ አንድ ዓይነት ምልክት ያላቸው አራት ካርታዎች አሉኝ፤ አምስተኛው ከመጣልኝ አሸንፋለሁ። ከ52ቱ ካርታዎች በእጄ ያሉትን ሁለትና ጠረጴዛው ላይ የተገለጡትን አራት ስላየሁ፣ ያላየኋቸው 46 ናቸው፤ ከእነሱ የሚጠቅሙኝ 9 ብቻ ስለሆኑ የሚቀጥለው ካርታ የሚያድነኝ ከመቶ ሃያ ባልሞላ ዕድል ነው። 30 ዶላር ለማግኘት 10 እንድከፍል ተጠይቄያለሁ፤ ይህ የሚያዋጣው ከመቶ 25 ዕድል ሲኖረኝ ነው። ስለዚህ ካርታዬን ጥዬ ከዙሩ መውጣት አለብኝ፤ ካልሆነ ግን ካርታው ቢመጣልኝ ባላጋራዬ ተጨማሪ እንደሚከፍለኝ የሚያሳምን ምክንያት ሊኖረኝ ይገባል። ይህ ሰው እንዲህ ሲያስይዝ ከዚህ በፊት ምን ይዞ ነበር? ፈጥኖ ነው ያስያዘው ወይስ ቆይቶ? ይህን ሁሉ አስቤ ካርታዬን ስጥል፣ ምንም ሳላሸንፍ፣ የረካሁበትን ስሜት በታክሲ ወንበር ላይ አግኝቼው አላውቅም። የዘጠኝ ዓመት ሙያዬ በሰው አገር ዋጋ አጥቶ ሲቀመጥ፣ ያ ሙያ በሌሊት ተነሥቶ የሚሠራበት ቦታ ያገኘሁ ያህል ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት የሚያሳፍር ስለሆነ ለመቀበል ጊዜ ፈጀብኝ። በዓለም ላይ በጣም ብዙ የፖከር ጠረጴዛ ካለባቸው ከተሞች በአንዱ እየኖርኩ በስልክና በኮምፒውተር መጫወትን የመረጥኩት ለምንድን ነው? ምክንያቱ የእኛ ሰው ነው። በየካሲኖው ካርታ የሚያድለው፣ መኪና የሚያቆመው፣ ክፍል የሚያጸዳው፣ በሩ ላይ ታክሲ የሚጠብቀው ሐበሻ ነው። አንድ ምሽት ጠረጴዛ ላይ ብቀመጥ እሑድ ቅዳሴ ሳይወጣ ወሬው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ይደርሳል። ሳሎኔ ውስጥ ግን ማንም አያየኝም። ይህን እንደ ነፃነት ቆጥሬው ነበር። ሐሜት ክፉ ነገር ቢሆንም አንድ ሰው ሲዘገይና ዓይኑ ሲቀላ አይቶ «ምነው?» የሚል ጎረቤት ከሐሜተኛው ጋር አብሮ እንደሚቀር ግን አላስተዋልኩም።

በ2023 መጨረሻ ላይ የዕቁብ ዕጣ ደረሰኝ። ደሴ ላለው የእናቴ ቤት ጣሪያ ማሠሪያ የታሰበ 5,000 ዶላር ነበር። ለጨዋታ የለየሁት ገንዘብ ከዚያ በፊት በነበሩት ሳምንታት ተመናምኖ ስለነበር፣ ከዕቁቡ 1,000 ዶላር «ለጊዜው» ወደ መለያዬ አስገባሁ። ከለመድኩት የመደብ መጠን አራት እጥፍ ወደሚሆን ጠረጴዛም ወጣሁ። የመጀመሪያዋ ሌሊት ላይ ጥንድ ኤስ ይዤ ጥንድ ንጉሥ በያዘ ሰው ተሸነፍኩ። እንዲህ ያለው ነገር ከአምስት ጊዜ አንድ ጊዜ ገደማ ይሆናል፤ ብርቅ አይደለም። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ከዕድል ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ፖከር ተጫዋቾች ቲልት ይሉታል፤ በአማርኛ ከእልህ የተሻለ ቃል የለውም። በእልህ የሚጫወት ሰው ካርታ አያይም፤ የሚያየው የተወሰደበትን ብቻ ነው። በአራት ሌሊት 800 ዶላር ሄደ። ዕቁብ ደግሞ ዕጣ ከወጣ በኋላም በየሳምንቱ የሚጣል ነውና እያንዳንዱ ቅዳሜ ሰብሳቢው ቤት ገብቼ ገንዘብ ስቆጥር የማደርገውን አውቀው ነበር። የጎደለውን የሞላሁት የዕረፍት ቀኔን ለአምስት ሳምንት ሠርቼ ነው። እናቴ ጣሪያው ለምን እንደዘገየ አልጠየቀችም፤ ባለቤቴም የሰማችው ሁሉም ነገር ከተሞላ በኋላ ነው።

ሠንጠረዡን የጀመርኩት ከዚህ በኋላ ነው። እንደ ንስሐም እንደ ዋስትናም ነበር የቆጠርኩት። ለጨዋታ የለየሁትን ገንዘብ በሙሉ በአንድ ጠረጴዛ ላይ አላስቀምጥም፤ ቢያንስ ሠላሳ ጊዜ ለመግባት የሚበቃ ከሌለኝ ወደ ታችኛው መደብ እወርዳለሁ፤ በአንድ ምሽት ሦስት ጊዜ ከተበላሁ እዘጋለሁ። የፖከር መምህራን ሁሉ የሚያስተምሩት ጥንቃቄ ይህ ነው፤ እኔም ጠበቅሁት፤ ገንዘባችንም ዳግመኛ አልተናጋም። ልጃችን ግን በዚያው ዓመት አንድ ልማድ እንዳወጣች አላየሁም። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ስትጠራኝ ቀጥታ አትናገርም፤ ከጀርባዬ ቆማ ስክሪኑን ታያለች፤ ካርታዎቹ ሲሰበሰቡ ጠብቃ በሁለት ዙር መካከል ባለችው ክፍተት ውስጥ የምትለውን በፍጥነት ትላለች። አንዳንዴ ክፍተቷ ካልበቃቻት «ዙሩ ሲያልቅ ንገረኝ» ብላ ትሄዳለች። ይህን የነገረችኝ ባለቤቴ ናት፤ መጋቢት ላይ፣ ሰዓቱ የት እንዳለ በጠየቀችኝ ማግስት። ያን ሁሉ የገንዘብ ጥንቃቄ ስማር ልጄ ደግሞ የእኔን ጨዋታ ርዝመት መለካት ተምራለች።

ስለ ትርፉም አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም፤ ሒሳብ ነውና ይጎረብጠኛል። በእኔ ዓይነት ጨዋታ ላይ የውጤት መዋዠቅ እጅግ ትልቅ ነው። ጎበዝ የሚባል፣ በየመቶው ዙር አምስት ትልልቅ መነሻ መደብ (ቢግ ብላይንድ፤ ካርታ ሳይታይ የሚያስይዙት ገንዘብ) የሚያተርፍ ሰው እንኳ 10,000 ዙር ተጫውቶ በኪሳራ የመጨረስ ዕድሉ ከመቶ ሠላሳ የሚጠጋ ነው። የእኔን 100,000 ዙርና 1,500 ዶላር በዚያው ስሌት ሳየው፣ ምንም ብልጫ የሌላቸው ሰባት ሰዎች ያን ያህል ቢጫወቱ አንዱ በዕድል ብቻ እኔ ያገኘሁትን ያህል ወይም የበለጠ ሊያገኝ ይችላል። ከ700 ሰዓት በኋላ «እችላለሁ» ብዬ እንኳ በድፍረት መናገር አልችልም ማለት ነው። ጨዋታው ሰውን የሚይዝበት መንገድ እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ በየሴኮንዱ ውሳኔ ይሰጥሃል፤ ፍርዱን ግን ለዓመታት ያዘገየዋል፤ አንተም ፍርዱ እስኪመጣ ትጠብቃለህ።

የንስሐ አባቴ ዘንድ የሄድኩት በዚያው ጾም ነው። ሁዳዴውን ከሥጋና ከወተት ታቅቤ፣ ከጠረጴዛው ግን አለመታቀቤ ራሴን ስለከበደኝ ነው። ቁማር እንደሆነ፣ እንድተወውም ነገሩኝ። እኔም እንደለመድኩት ተከራከርኩ፤ አባ፣ ይህ እንደ ሎተሪ አይደለም፣ ዕውቀት አለበት፣ ስሌት አለበት አልኳቸው። እስከ መጨረሻው አዳምጠው «ልጄ፣ ዕውቀት ከሆነ ለልጅህ ለምን አላስተማርካትም?» አሉኝ። ስሌቱን ልነግራቸው ተዘጋጅቼ ለነበርኩት ለእኔ ይህ የማይጠበቅ ካርታ ነበር። መልስ አጣሁ፤ እስከ ትንሣኤ እንደማልነካው ቃል ገብቼ ወጣሁ።

በእነዚያ ሳምንታት ውስጥ ስለ ራሴ የተማርኩት ካለፉት ዓመታት ይበልጣል። ፍላጎቱ የሚመጣው የገንዘብ እጥረት በሚሰማኝ ቀን ይመስለኝ ነበር። አልነበረም። የቤት ኪራይ የከፈልኩ ዕለት ሐሳቡም አልመጣብኝም። አንድ ሰካራም ተሳፋሪ «እንግሊዝኛ ትችላለህ?» ያለኝ ሌሊት ግን እጄ ስልኩን ሁለት ጊዜ አንሥቶ መልሶታል። በስብሰባ ላይ ሐሳቤ ሳይሰማ የቀረ ዕለት፣ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ አዲስ አበባ የባንክ ሥራ አስኪያጅ መሆኑን የሰማሁ ዕለት፣ እንዲሁ። የሚጠራኝ መናቅ ነው። ይህን ካወቅሁ በኋላ «ሚዛን» የሚባለው ነገር ሌላ መልክ ያዘ። በሳምንት ስንት ሰዓት ልጫወት የሚለው ቀላሉ ጥያቄ ነው። ከባዱ፣ ከፍቶኝ ስገባ አለመቀመጥ ነው፤ እንዲህ ባለው ቀን መጫወት ሁለት ጊዜ መበላት ነውና።

ከትንሣኤ በኋላ ሙሉ በሙሉ አልተውኩትም። የንስሐ አባቴ ይህን ቢያነቡ አዝናለሁ፤ ውሸት ከመጻፍ ግን ይሻላል። ከባለቤቴ ጋር ተቀምጠን ማክሰኞና ሐሙስ፣ ልጅ ትምህርት ቤት፣ እሷ ሥራ ላይ ስትሆን፣ ወደ ታክሲው ከመውጣቴ በፊት ሁለት ሁለት ሰዓት ተስማማን። ከሌሊት ሥራ መልስ ምንም የለም። ሕጋዊ ድረ ገጾች ተጫዋቹ በራሱ ላይ የገንዘብና የሰዓት ገደብ የሚያስርበት ቦታ ስላላቸው፣ ገደቡን የመጀመሪያው ቀን አሰርኩት፤ በራሴ ላይ ከመተማመን ይልቅ በማሽን መተማመን መረጥኩ። ሠንጠረዡ አሁን የሰዓት ዓምድ አለው፤ ዓምዱን የምትሞላው ባለቤቴ ናት። አንዳንዴ ከሰዓቱ ጎን የማልጠይቃት ምልክት ታስቀምጣለች። ለልጄ ደግሞ በልጅነቴ አባቴ «ካርታ ቤት ያፈርሳል» እያለ ይከለክለን የነበረውን ኮንከር አስተማርኳት፤ ገንዘብ ሳይሆን ቆሎ እያስያዝን። ዘጠኙን ከ46 የምታካፍልበትን ስሌትም አሳየኋት። ከእኔ ፈጥና ገባት፤ ብዙም ግን አልማረካትም።

ግንቦት ላይ ለዘመድ ሠርግ ወደ ሎስ አንጀለስ በመኪና ሄድን፤ 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባርስቶው ላይ ነዳጅ ስንቀዳ ጣቴ በልማድ መተግበሪያውን ነካው፤ ከተፈቀደው ግዛት ውጭ መሆኔን ገልጾ አልከፍትም አለኝ። ልጄ ከኋላ ወንበር አይታ ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ኢንተርኔት ላይ ፖከር በኔቫዳ ሲፈቀድ በካሊፎርኒያ እንደማይፈቀድ፣ ስልኩም የት እንዳለን ስለሚያውቅ ድንበሩን ስናልፍ እንደሚዘጋ አስረዳኋት። ሠርጉ ሦስት ቀን ፈጀ። በሦስቱም ቀን ስልኩን ለፎቶ ካልሆነ አላነሣሁትም፤ ማክሰኞው መጥቶ ማለፉን ያስታወስኩት በማግስቱ ነው፤ ይህን ለባለቤቴ በኩራት ነገርኳት። እሷም «ድንበሩ ነው» አለችና ዝም አለች።

ስንመለስ የምትነዳው ባለቤቴ ነበረች። በኢንተርስቴት 15 ላይ በረሃውን ጨርሰን ድንበሩ ላይ ያሉት የፕሪም ሆቴሎች ከሩቅ ሲታዩ እኔ ወንበሬን ዘርግቼ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ልጃችን ተኝታለች ብለን ዝግ ባለ ድምፅ ስለ ሠርጉ እናወራ ነበር። «እንኳን ወደ ኔቫዳ በደህና መጡ» የሚለውን ሰሌዳ ስናልፍ ከኋላ ድምፅ ሰማሁ።

«አባዬ፣ አሁን ይሠራል።»